የመጀመሪያው የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ኃላፊ የታሪክ ምሁር መሆኑ ጠቀመ ወይስ ጎዳ?

ጠያቂ (የመዝገብ ቤት ሠራተኛ)፦
ሰሞኑን ስለ ሮበርት ኮነር ሕይወት ሳነብ አንድ ጥያቄ ተፈጠረብኝ። ኮነር እ.ኤ.አ. በ1878 በሰሜን ካሮላይና ተወልዶ፣ ከ1903 ጀምሮ የግዛቲቱ የታሪክ ኮሚሽን ጸሐፊ በመሆን ሰነድ ሲያሰባስብ፣ ከ1921 ወዲህ ደግሞ በዩኒቨርሲቲ ታሪክ ሲያስተምር ቆይቶ፣ በ1934 በፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ተሹሞ የመጀመሪያው የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ኃላፊ ሆነ። በ1941 ሥራውን ለቆ ወደ ማስተማሩ ተመለሰ። ለዚህ ሥራ የታሪክ ምሁር ይሻላል ወይስ ዶሴ ሲያገላብጥ የኖረ ሰው? የእኛ ሙያ ሰዎች የታሪክ ምሁር ሰነድን የሚያየው ለራሱ ጥናት እስከጠቀመው ድረስ ብቻ ነው ይላሉ፤ እኔም በከፊል እስማማለሁ።

የታሪክ መምህር፦
ቤተ መዛግብቱ እንዲቋቋም ለብዙ ዓመታት ደጅ የጠኑት የታሪክ ሰዎች እንደነበሩ አይዘንጉ። ግንባር ቀደሙ ጄ. ፍራንክሊን ጄምሰን ነበር፤ ኮነርን ለሹመቱ የደገፈውም እሱ ነው። በጃንዋሪ 1921 በንግድ ሚኒስቴር ሕንፃ ምድር ቤት የተነሣው እሳት የ1890ን የሕዝብ ቆጠራ ዝርዝር ሲበላ፣ ከእሳቱ ካመለጠው ብዙውን የማጥፊያው ውሃ አራሰው። የተረፈው ክምር እንዲወገድ የሀገሪቱ ምክር ቤት የፈቀደው ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1933 ሲሆን፣ ይህም ፕሬዚዳንት ሁቨር የአዲሱን ቤተ መዛግብት የመሠረት ድንጋይ ባኖሩ ማግስት መሆኑ ነው። ከተቆጠረው ከ62 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ውስጥ ዛሬ ስማቸው በዝርዝሩ የሚገኘው ከ6 ሺሕ ጥቂት የሚበልጡ ሰዎች ብቻ ናቸው።

ኮነርም ቢሮው ተቀምጦ የመጣለትን አልተረከበም። ባለሙያዎቹን ዋሽንግተን ውስጥ ወደነበሩት ምድር ቤቶች፣ ጋራዦችና ከጣሪያ ሥር ያሉ ክፍሎች ልኮ ምን እንዳለ አስመዘገበ። በአንዱ መጋዘን ከሁሉ አስቀድሞ ዓይን ውስጥ የገባው ከሰነድ ክምር ሥር ብቅ ያለ የሞተች ድመት የራስ ቅል ነበር፤ በሌላው ደግሞ ዶሴዎቹ ከባዶ የዊስኪ ጠርሙስና ከቡትቶ ጋር ተደባልቀው ተገኙ። እንደ እኔ እምነት፣ ይህን ዳሰሳ ያስቀደመው ምንጩን በዓይኑ ሳያይ የማይጽፍ ሰው ስለነበረ ነው።

የሰነድ ጥገና ባለሙያ፦
ነገሩ በዳሰሳ ብቻ አያበቃም። በኮነር ዘመን የጥገናውን ክፍል የመራው አርተር ኪምበርሊ የተባለ የወረቀት ባለሙያ ነበር። የገባው ወረቀት አየሩ በተመጠጠ ክፍል ውስጥ በጋዝ ይታጠናል፤ ነፍሳቱ ከሞቱ በኋላ አቧራው በታመቀ አየር ይራገፋል፤ የተጎዳው ደግሞ በሁለት ስስ የሴሉሎስ አሲቴት ሽፋኖች መካከል ገብቶ በሙቀትና በግፊት ይጣበቃል። ይህ ዘዴ ከእጅ ጥገና እጅግ የፈጠነ ስለነበር ሌሎችም ተከተሉት። ከአሥርት ዓመታት በኋላ ግን ፕላስቲኩ ራሱ እየፈረሰ አሲድ እንደሚያመነጭ ታወቀ፤ የተበላሸውን ከአቃፊው ሲያወጡት የሆምጣጤ ሽታው አፍንጫ ይመታል። በዚህ ኮነርን አልወቅስም፤ የታሪክ ምሁርም ሆነ የመዝገብ ቤት ሰው ኬሚስቱን ከማመን በቀር ምርጫ አልነበረውም።

ሌላ ተሳታፊ፦
ሕጉ ጥያቄዎን አይፈታውም። ተቋሙ በ1949 የመንግሥትን ሕንፃና ንብረት በሚያስተዳድረው በአጠቃላይ አገልግሎቶች አስተዳደር ሥር ገብቶ በ1985 እንደገና ራሱን ቻለ። ነጻነቱን የመለሰለት የ1984ቱ ሕግ ኃላፊው የፖለቲካ ወገንተኝነት ሳይታይ በሙያ ብቃቱ ብቻ እንዲሾም ያዝዛል፤ ሙያው ታሪክ ይሁን መዝገብ አያያዝ ግን አይወስንም።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስለ ዳሰሳው የተባለውን ተቀብያለሁ፤ አንድ ነገር ግን አልለቅም። በኮነር ዘመን ሰነዶቹን እንደ ቤተ መጻሕፍት በምድብ ለመከፋፈል የተቋቋመ ክፍል ነበር፤ እሱም በ1941 ፈርሶ ሰነዶቹ ባመነጫቸው መሥሪያ ቤት ስም እየተሰበሰቡ እንዲደራጁ ተወሰነ። ከአንድ መሥሪያ ቤት የወጣ ዶሴ ከወንድሞቹ ከተነጠለ ገቢውና ወጪው ደብዳቤ ዳግመኛ እንደማይገናኝ፣ ዶሴ ሲያገላብጥ የኖረ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ይነግራቸው ነበር።