የ«ሾላይ» የፋኖስ ትዕይንት፦ ያ ብርሃን እንዴት ተገኘ?

የለገጣፎው ካሜራማን፦
ሰላም የህንድ ፊልም ወዳጆች። ለገጣፎ የሰርግ ቪዲዮ ቀራጭ ነኝ። ሰሞኑን «ሾላይ»ን እንደገና አየሁት። ተኩሱንና ፈረሱን ለጊዜው ተዉት። እኔን የያዘኝ፣ ጃያ ባዱሪ ነጭ ለብሳ በረንዳው ላይ ከፋኖስ ወደ ፋኖስ ስትሄድ፣ አሚታብ ከታች ተቀምጦ አርሞኒካ ሲነፋ ያለው ነው። አንድም ቃል አይነጋገሩም። ሰማዩ ቀን አይደለም፣ ጨርሶም አልጨለመ። የፋኖሱ እሳት ደምቆ ይታያል፣ ፊቷም አልጠፋም።

እኔ ፀሐይ በየካ ተራራ በኩል ስትጠልቅ ሙሽሮችን ሜዳ ላይ አቁሜ ያንን ብርሃን ልይዝ ስል፣ ሚዜዎቹ ተሰብስበው ሳያልቁ ይመሻል። እነሱ ያን ሁሉ ሾት በአንድ ዓይነት ብርሃን እንዴት አወጡት? በፊልተር ነው?

የሰበታ ልጅ፦
ወንድሜ፣ በአንድ ምሽት አልወጣም። ያቺ ትዕይንት 20 ቀን ፈጅታለች። ዳይሬክተሩ ራሜሽ ሲፒና የካሜራው ሰው ድዋርካ ዲቬቻ የፈለጉት ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ያለውን ብርሃን ነው። ቦታው ራማናጋራ ነው፣ ከባንጋሎር ብዙ የማይርቅ ድንጋያማ አገር። እንደኛው ከምድር ወገብ ስለማይርቅ እዚያም ቶሎ ይመሻል። በዚያች ጥቂት ደቂቃ የሚወጣው ይወጣል፣ የቀረው ለነገ ነው። የዚያን ጊዜ ፊልም ደግሞ ታጥቦ ካልመጣ በስተቀር ምን እንደያዝክ አታይም። ይህን ሁሉ ለአንዲት ዝም ያለች ትዕይንት! እኔ ከባቡሩ ውጊያ ይልቅ ይሄ ይበልጥብኛል።

እመቤት ከቡራዩ፦
ጃያና አሚታብ እኮ የተጋቡት በፈረንጆቹ 1973 ነው፣ ቀረጻው በተጀመረበት ዓመት። እንዲያውም ነፍሰ ጡር ነበረች። ፊልሙ ላይ ግን እሷ ባሏ የሞተባት፣ እሱ ቀና ብሎ ከማየት በቀር የማይደፍር እንግዳ። ይሄን ካወቅኩ ወዲህ ትዕይንቱን ሳየው ሆዴ ይባባል።

የድሮ ተመልካች፦
ልጆቼ፣ እኔን የሚቆጨኝ መጨረሻው ነው። መጀመሪያ የተቀረጸው የቀድሞው ፖሊስ ታኩር ሽፍታውን ጋባርን ሲገድለው ነበር። ሳንሱር አልፈቀደም፤ ጊዜው በፈረንጆቹ 1975፣ ህንድ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ላይ ነበረች። የቀድሞ ፖሊስ ሕግን በእጁ እንዴት ያስገባል ተባለ። ፖሊስ ደርሶ ሲያስቆመው ተደርጎ እንደገና ተቀረጸ። ጋባር ሁለት እጁን የቆረጠበት ሰው በቀል እንዲያ መቋረጥ አልነበረበትም።

የለገጣፎው ካሜራማን፦
ጋሼ፣ በመጨረሻው እስማማለሁ። የሰበታው፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲህ የኔ ሰርግ አንድ ምሽት ብቻ ስለሆነ፣ አምስት ሾት ከማሳደድ አንዷን መርጬ ትሪፖዱን በጊዜ እተክላለሁ። ለቤተሰቡም አስቀድሜ እነግራለሁ፦ የሙሽሮቹ መኪና 12 ሰዓት ላይ ሜዳው ካልደረሰ የምሽቱ ቀረጻ የለም።