በአፕል ቅጠል ውስጥ ያለው ትል የዝንብ ነው ወይስ የእሳት እራት?

ሐረር ከጁገል ግንብ ውጭ ባለው ግቢዬ ከጨንቻ ያስመጣኋቸው ሰባት የአፕል ዛፎች አሉኝ፤ አራቱ አና የተባለው ዝርያ፣ ሦስቱ ደግሞ የአበባ ብናኝ እንዲያቀብሏቸው የተተከሉ ዶርሴት ጎልደን የተባለው ዝርያ ናቸው። ከሚያዝያ አጋማሽ ጀምሮ በለጋ ቅጠሎቻቸው ላይ እየሰፋ የሚሄድ፣ እንደ እባብ የተጠማዘዘ ነጣ ያለ መስመር ይታያል፤ በመስመሩ መካከልም የትሉ ጥቁር እዳሪ እንደ ክር ተዘርግቷል።

መጀመሪያ ማላታዮን የተባለ ፀረ-ተባይ በ10 ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ ረጨሁ። ትሉ በቅጠሉ ሁለት ሽፋኖች መካከል ተደብቆ ስለሚበላ መድኃኒቱ አላገኘውም፤ ይልቁንም ትሉን የሚያጠፉልኝን ጥቃቅን ተርቦች ሳልጨርስ አልቀረሁም፣ ይህም ከሁሉ በላይ ይቆጨኛል። ቀጥሎ ከድሬዳዋ የመጣ የኒም ፍሬ ወቅጬ፣ በውኃ ዘፍዝፌ አሳድሬ ረጨሁ፤ ጥቃቱ ጋብ ካለ በኋላ ዝናብ ሲጥል ተመለሰ። የተጎዱትን ቅጠሎችም እየለቀምኩ አቃጥያለሁ።

ጎረቤቶቼ ይህ ትል ቲማቲማቸውን የሚያጠቃው ቅጠል ሰርሳሪ ዝንብ ነው ይሉኛል። እኔ ግን እጠራጠራለሁ፤ የአፕልን ቅጠል ከሚሰረስሩት ነፍሳት አብዛኞቹ የትናንሽ የእሳት እራቶች እጮች (ገና ትል የሆኑ ልጆቻቸው) ናቸው፣ የዝንብ እጭ ደግሞ እግርም ሆነ ተለይቶ የሚታይ ራስ የለውም። መስመሩን በመርፌ ከፍቼ በማጉያ መነጽር ስመለከት 3 ሚሊ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ ቢጫማ፣ ራሱ ቡናማ የሆነ ትል አገኘሁ፤ እግር ግን አላየሁበትም። የምረጨውንም ሆነ የምረጭበትን ጊዜ የሚወስነው ማንነቱ ስለሆነ፣ ይህን ተባይ በዓይኑ ያየና የሚያውቅ ሰው ይንገረኝ፦ እግር የሌለው፣ ራሱ ግን ቡናማ የሆነ ይህ እጭ የዝንብ ነው ወይስ የእሳት እራት?