ኤል ፒ ኤን በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፦ ከምን ልጀምር? (ሰሜን ቨርጂኒያ)

የአሌክሳንድሪያዋ

ሰላም ለሁላችሁ። በዲቪ መጥቼ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። ከአገር ቤት በአካውንቲንግ የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ፤ አሁን በሲ ኤን ኤ (ረዳት ነርስ) ነርሲንግ ሆም እሠራለሁ። በሚመጣው ዓመት ኦገስት ላይ የኤል ፒ ኤን (ከአር ኤን በታች ያለ፣ ፈቃድ ያለው ነርስ) ፕሮግራም መግባት አስቤያለሁ። ምኑን ቀድሜ ልጨርስ? ፔል ግራንት (የማይመለሰው የፌዴራል የትምህርት እርዳታ) ይሰጠኛል? ሰው የሚወድቀውስ ምን ላይ ነው? «እንግሊዝኛ ነው» የሚለውን ሰምቼዋለሁ፣ ከዚያ ወረድ ብሎ ዝርዝሩን የሚያውቅ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

ሙያ በልብ

እህቴ፣ ከገንዘቡ ልጀምር፤ ዲግሪ ይዞ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚደነግጠው እዚያ ላይ ነው። ፔል ግራንት የመጀመሪያ ዲግሪ ለሌለው ተማሪ ነው። ያንቺ ከኢትዮጵያ መሆኑም፣ እዚህ አለማስገምገምሽም ለውጥ አያመጣም። «ማን ያውቃል» ብሎ ፋፍሳ (የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ) ላይ የለኝም ማለት ደግሞ አያዋጣም፤ ኮሌጁ የቀድሞ ትራንስክሪፕትሽን ሲያይ ይገለጣል፣ የተወሰደው ገንዘብም ይመለሳል። ፔል ቀረ ብለሽ ግን ፋፍሳውን አትተዪ። ግሪን ካርድ ስላለሽ የፌዴራል ብድር በእሱ ታገኛለሽ፣ የራሳቸውን ስኮላርሺፕ እሱን አይተው የሚሰጡ ኮሌጆችም አሉ። (ለሌሎች አንባቢዎች፦ ቲ ፒ ኤስ (ጊዜያዊ ከለላ) ወይም ገና ያልተወሰነ የጥገኝነት ማመልከቻ ለፌዴራል እርዳታ አይበቃም።)

ከብድር በፊት የምትሠሪበትን ነርሲንግ ሆም ጠይቂ። የሠራተኛቸውን የኤል ፒ ኤን ትምህርት የሚከፍሉ አሉ። ውሉ ላይ ሁለት ነገር ፈልጊ፦ ከተመረቅሽ በኋላ ስንት ጊዜ እንደምታገለግዪ፣ ቀድመሽ ብትለቂ ደግሞ ዕዳው በአገለገልሽው ልክ እየቀነሰ ይሄዳል ወይስ ሙሉው ይጠየቃል የሚለውን። ሁለተኛው ዓይነት ከሆነ ሳትፈርሚ ደጋግመሽ አስቢበት።

ዲግሪሽ ከንቱ አይደለም። «ኮርስ በኮርስ» የሚባለውን ግምገማ ካሠራሽ ሳይኮሎጂው ወይም ሂሳቡ ሊያዝልሽ ይችላል። ርካሹ ግምገማ ዲግሪ እንዳለሽ ብቻ ስለሚናገር ክሬዲት አያስገኝም። የእንግሊዝኛ ድርሰት ኮርሱን ግን ከውጭ አገር ብዙ ጊዜ አይቀበሉም፣ እሱን እዚሁ እንደምትወስጂ ቁጠሪ። ዩኒቨርሲቲው ራሱ ትራንስክሪፕቱን እንዲልክ የሚጠይቁ ስላሉ አገር ቤት ያለ ሰው ዛሬውኑ ይጀምርልሽ፤ ወራት የሚፈጀው እሱ ነው። ዓመተ ምህረቱንም እዪ። ሐምሌ 2009 የተመረቀ ሰው በፈረንጆቹ 2017 ነው፤ ሳይቀየር ከተላከ ከትውልድ ዘመንሽ ጋር አልገጥም ብሎ ፋይሉ ይቆማል።

ቀለም ቀንድ

በሩ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ ነው። ከነላቦራቶሪው 4 ክሬዲት ነው፣ ቢያንስ ሲ ያስፈልጋል፤ ብዙ ኮሌጆች ደግሞ ከ5 ወይም ከ7 ዓመት በላይ የሆነውን የሳይንስ ውጤት አይቀበሉም። በሰመር አትውሰጂው። የ15 ሳምንቱን በ8 ወይም በ10 ሳምንት ነው የሚያስሮጡት፣ ሥራ ላይ ያለ ሰው አጥንቶቹን ሳይጨርስ ነርቩ ይደርስበታል።

መግቢያ ፈተናው ቲስ ነው ወይስ ሄሲ? ኮሌጅሽ የትኛውን እንደሚጠይቅ ሳታውቂ መጽሐፍ አትግዢ። ቲስ ከሆነ 170 ጥያቄ በ209 ደቂቃ ነው፦ ንባብ 45 በ55 ደቂቃ፣ ሂሳብ 38 በ57፣ ሳይንስ 50 በ60፣ እንግሊዝኛ 37 በ37። ሂሳቡ ካልኩሌተር ያለበት ስለሆነ አካውንታንት አያስቸግርም። ነጥብ የሚበላው ሳይንሱ ነው፤ ትልቁ ድርሻው የሰው አካል ስለሆነ ቅደም ተከተሉ አናቶሚ ቀድሞ ቲስ ኋላ ነው። ገልብጠው የሚሄዱት አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ያጠናሉ።

ሌላው፦ ኮሌጁን ከማመልከትሽ በፊት ፕሮግራሙ በቨርጂኒያ ነርሲንግ ቦርድ የጸደቀ መሆኑንና የተማሪዎቹን የኤንክሌክስ (የነርስነት ፈቃድ ፈተና) ማለፊያ መጠን ተመልከቺ፣ ቦርዱ በግልጽ ያወጣዋል። «በ6 ወር፣ ክሊኒካል (የተግባር ልምምድ) የለውም» ከሚል ቦታ ሽሺ። በጃንዋሪ 2023 የፌዴራል መርማሪዎች ፍሎሪዳ ውስጥ ከ7,600 በላይ የሐሰት የነርስ ዲፕሎማ የሸጡ ትምህርት ቤቶችን ይፋ አድርገዋል፤ በዚያ ወረቀት ፈቃድ ያገኙት ፈቃዳቸውን እንዲያስረክቡ ተጠይቀዋል። ቨርጂኒያ ለኤል ፒ ኤን ቢያንስ 400 ሰዓት ከታካሚ ጋር የሚሠራ ክሊኒካል ትጠይቃለች።

ጤና አዳም

ከሁሉ ቀድሞ መጀመር ያለበትን ማንም አላነሳውም፣ የክትባት ፋይሉን። ትምህርቱን ችሎ በወረቀት የሚቀር ሰው የሚበዛው በዚህ ነው።

ሄፓታይተስ ቢ ሦስት ጊዜ ነው፦ ዛሬ፣ ከ1 ወር በኋላ፣ ከመጀመሪያው 6 ወር ላይ። ከመጨረሻው ከ1 እስከ 2 ወር ቆይቶ ደም ተወስዶ የመከላከያ አቅሙ ቁጥር 10 እና ከዚያ በላይ መሆኑ ይታያል። ለኦገስት ፋይሉ በጁላይ የሚዘጋ ከሆነ የመጀመሪያው መርፌ በዲሴምበር መወጋት አለበት ማለት ነው። ጊዜ ካለፈብሽ በ4 ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ የሚሰጥ ሄፕሊሳቭ የሚባል አለ፣ ሐኪምሽን ጠይቂ። ከመርፌው በፊት ቫይረሱ ራሱ እንዳለብሽ መመርመርም ተገቢ ነው፤ ቢገኝብሽ ለክትትል ይጠቅምሻል እንጂ በራሱ ከነርስነት የሚያስቀር አይደለም።

ቲቢው ላይ የኛ ሰው ሁሉ የሚገጥመው ችግር አለ። በሕፃንነታችን የተወጋነው፣ ክንድ ላይ ጠባሳ የተወው ቢሲጂ፣ በቆዳ የሚሠራውን ምርመራ ያለ በሽታ ሊያሳብጠው ይችላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው የደም ምርመራውን፣ ኳንቲፌሮን ወይም ቲ-ስፖት፣ አሠሪ። እነዚህን ቢሲጂ አያሳስታቸውም። ደግሞ የኩፍኝና የጉድፍ ክትባቶች ሕያው ቫይረስ ስላላቸው የቲቢውን ውጤት ለጥቂት ሳምንት ሊያደበዝዙት ይችላሉ፤ ወይ በአንድ ቀን አድርጊያቸው ወይ ከክትባቱ በኋላ 4 ሳምንት ጠብቂ።

የነፍስ አድን ሥልጠናው ለጤና ባለሙያ የሚሰጠው ቢ ኤል ኤስ ይሁን፣ ሙሉ በሙሉ ኦንላይን የሆነውን አይቀበሉም። የዕፅ ምርመራም አለ፦ ማሪዋና በቨርጂኒያ ከ2021 ጀምሮ ለአዋቂ ቢፈቀድም የክሊኒካል ቦታዎቹ አይቀበሉትም። ጫትም ያው ነው፤ ውስጡ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ በጥብቅ የተከለከለ ነው። ቡናችን ይበቃናል።

የአሌክሳንድሪያዋ

እግዜር ይስጥልኝ። ጤና አዳም፣ ሥራ ስቀጠር የቆዳው ምርመራ አብጦ የደረት ራጅ አንስተውኝ ንጹሕ ነው ብለውኛል። እሱን ብቻ ባቀርብ አይበቃም?

ጤና አዳም

አንዳንዱ ኮሌጅ ይቀበለዋል፣ ግን የራጁ ዕድሜ ይታያል። እኔ ብሆን የደም ምርመራውን አሁን አሠርቼ ኔጌቲቭ ከሆነ ያንን አቀርባለሁ፤ የዱሮው እብጠት ከቢሲጂው ሊሆን እንደሚችል ያስረዳልሻል፣ በየዓመቱ ራጅም አትመላለሺም። ፖዘቲቭ ከሆነ ደግሞ የተኛ ቲቢ ሊሆን ስለሚችል መድኃኒቱን ከሐኪም ጋር ተነጋገሪበት። የተኛ ቲቢ ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ራጁ ንጹሕ ከሆነ ክሊኒካል አይከለክልም።

ሚዛን

ከገባሽ በኋላ ሰው የሚጥለው የመድኃኒት ስሌት ነው። ብዙ ፕሮግራሞች 90 ከመቶ፣ አንዳንዶቹም 100 ከመቶ ይጠይቃሉ፤ ሁለት ሦስት ዕድል ይሰጥሽና ካላለፍሽ ክሊኒካል አትወጪም። ሂሳቡ የ6ኛ ክፍል ነው። የሚጥለው የመለኪያ አሃዱ (ፓውንድ፣ ኪሎ፣ ሚሊግራም) ነው።

ምሳሌ፦ ሕፃኑ 44 ፓውንድ ነው፣ ትዕዛዙ በኪሎ 15 ሚሊግራም፣ ጠርሙሱ ላይ በ5 ሚሊሊትር ውስጥ 160 ሚሊግራም ይላል። 44ን ለ2.2 ስታካፍዪ 20 ኪሎ፣ በ15 ሲባዛ 300 ሚሊግራም። 300ን ለ160 አካፍለሽ በ5 ስታባዢ 9.375፣ ማለትም 9.4 ሚሊሊትር። ፓውንዱን ሳይቀይር የሚሠራ ሰው 660 ሚሊግራም ያገኛል፣ ከእጥፍ በላይ! ሌላው ጥፋት መሃል ላይ ማጠጋጋት ነው። 1.875ን ወደ 2 አጠጋግቶ በ5 ያባዛ 10 ያገኛል፤ መምህሯ አትቀበለውም፣ ልክም ናት። ማጠጋጋት በመጨረሻው መስመር ብቻ።

ለግሉኮስ ጠብታ ደግሞ፦ 1,000 ሚሊሊትር በ8 ሰዓት፣ ቱቦው በሚሊሊትር 15 ጠብታ የሚሰጥ ከሆነ፣ 1,000 በ15 ተባዝቶ ለ480 ደቂቃ ሲካፈል 31.25፣ ስለዚህ በደቂቃ 31 ጠብታ። ግማሽ ጠብታ የለም። በማሽን ከሆነ ጠብታ አይቆጠርም፣ በሰዓት 125 ሚሊሊትር ነው። ጥያቄው የቱን እንደጠየቀ ሳያነብ የሚሮጥ ይወድቃል። አጻጻፉም ነጥብ ያስቀንሳል፦ ግማሽ ሚሊግራም 0.5 ተብሎ ከነዜሮው ይጻፋል፣ 5 ግን 5.0 አይባልም፤ ነጥቧ ካልታየች 50 ሆና ትነበባለች።

በእጅ ሥራ ፈተናው ላይ ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ማስገባት ነው ሰው የሚደግመው። ከጀርም ነጻ የሆነው ጨርቅ ዳር ዳሩ 2.5 ሴንቲሜትሩ ከጀርም ነጻ አይባልም፣ ከወገብ በታች የወረደ እጅም እንደተበከለ ይቆጠራል። ብትሳሳቺ «በክዬዋለሁ፣ አዲስ ጓንት አምጡልኝ» ማለት አይጥልም፤ አይቶ ዝም ማለት ይጥላል። እኛ ጋ ጥፋትን በአስተማሪ ፊት መናገር ነውር ስለሚመስል ልብ በዪው።

አዋሽ ማዶ

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ዲግሪ ያላት ሴት ለምን ኤል ፒ ኤን? ቅድመ ኮርሶቹ ተቀራራቢ ናቸው፤ አንዴ ተሠቃይታ ለአር ኤን (ለሙሉ ነርስነት) ብታመለክት አይሻልም? ሆስፒታሎቹ የሚፈልጉት አር ኤን ነው፤ ኤል ፒ ኤን በብዛት የሚቀጠረው ነርሲንግ ሆም፣ ቤት ለቤትና ክሊኒክ ነው።

ሙያ በልብ

አዋሽ ማዶ፣ ስለ ሥራ ቦታው ልክ ነህ። ግን የአር ኤኑ ወረፋ ረጅም ነው፣ በሁለተኛው ዓመት ሥራ መቀነስ አይቀርም፣ ቤት የሚጠብቅ ሰው ላለው ደግሞ ከ12 እስከ 18 ወር ውስጥ ደመወዝ መቀየሩ ትልቅ ነገር ነው። እህቴ፣ አንድ ነገር አረጋግጪ፦ ኮሌጁ ከኤል ፒ ኤን ወደ አር ኤን የሚያሻግር መንገድ አለው? ምን ያህሉን ክሬዲት ይይዝልሻል? መልሱ ጽሑፍ ላይ ካለ ኤል ፒ ኤኑ ጊዜ ማባከን አይደለም። ከሌለ የአዋሽ ማዶ ምክር ይሻላል። (አገር ቤት በነርስነት የተማራችሁ ግን ይህ መንገድ የእናንተ አይደለም፤ የትምህርት ማስረጃችሁን አስገምግማችሁ በቀጥታ የአር ኤኑን ፈተና ጠይቁ።)

ቀለም ቀንድ

ስለ ማለፊያው ልጨምር። ነርሲንግ ላይ ማለፊያው ብዙ ጊዜ ከ77 እስከ 80 ነው፣ አይጠጋጋም። 80 ከተባለ 79.6 ወድቋል። ክሊኒካል ጠዋት 6:45 ከሆነ (በኛ ከንጋቱ 12:45 ማለት ነው) 6:50 መድረስ እንደ መቅረት የሚቆጠርበት ቦታ አለ፣ ሁለት ሦስት ቀሪ ደግሞ ከፕሮግራሙ ያስወጣል። ሌሊት ሠርቶ በዚያው መግባትን የሚከለክሉም አሉ። የኛ ስቅለት ከእነሱ ጋር ብዙ ጊዜ ስለማይገጥም ቀኑን በመጀመሪያው ሳምንት ለመምህሯ በጽሑፍ ንገሪያት፤ ዋዜማው ላይ የተነገረ በዓል ሰበብ ይመስላል።

ሚዛን

ኤንክሌክስን በተመለከተ፦ የኤል ፒ ኤኑ ፈተና ከ85 እስከ 150 ጥያቄ በ5 ሰዓት ነው፣ መመዝገቢያው 200 ዶላር። ኮምፒውተሩ እንደ መልስሽ ጥያቄውን ያከብደዋል፣ ያቀልለዋል፤ 85 ላይ መቆሙ ማለፍም መውደቅም አይደለም። ከወደቅሽ 45 ቀን ጠብቀሽ ትደግሚያለሽ። ከኤፕሪል 2023 ወዲህ በአንድ ታካሚ ታሪክ ላይ 6 ጥያቄ የሚከታተልበት ክፍል ገብቷል፣ ስለዚህ የዱሮ መጽሐፍ ብቻ ይዘሽ አትሂጂ። ሰውን ግራ የሚያጋባው ጥያቄ «ለኤል ፒ ኤን የትኛው ታካሚ ይሰጣት?» የሚለው ነው። ሁኔታው የተረጋጋውን ምረጪ፤ አሁን የገባውንና የመጀመሪያ ግምገማ የሚያስፈልገውን አር ኤን ትወስደዋለች።

ስምሽን ደግሞ ዛሬውኑ አስተካክዪ። አንዱ ወረቀት ላይ የአባት ስም፣ ሌላው ላይ የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ከገባ፣ ወይም አንዱ ላይ ፊደል ካነሰ፣ ለፈተና የተመዘገብሽበት ስም ከመታወቂያሽ ጋር ስላልገጠመ በር ላይ ይመልሱሻል፣ 200 ዶላሩም ይቀራል። ግሪን ካርድ፣ መንጃ ፈቃድ፣ ኮሌጅና ቦርድ አንድ ዓይነት ይሁኑ።

የአሌክሳንድሪያዋ

የኮሌጁ ፋይል ላይ የአያቴ ስም የለም፣ ነገ ሬጅስትራር እሄዳለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ የቨርጂኒያ ፈቃድ ይዤ ሜሪላንድና ዲሲ መሥራት እችላለሁ?

ሙያ በልብ

ቨርጂኒያ መኖሪያሽ ከሆነ የብዙ ግዛት ፈቃድ (ግዛቶች አንዱ የሌላውን ፈቃድ ለመቀበል የተስማሙበትን) መጠየቅ ትችያለሽ፣ በእሱ ሜሪላንድ ትሠሪያለሽ። ዲሲ በስምምነቱ ውስጥ የለችም፤ ድልድዩን ተሻግረሽ ለመሥራት የራሷን ፈቃድ ታወጫለሽ።