ሠራተኛ ስንት ጊዜ ሲያረፍድ ነው ማሰናበት የሚቻለው? ደመወዝስ ይቆረጣል?

እንጨት ሥራ፦ ሰላም ለሁላችሁ። 42 ሠራተኛ ያለው የቤት ዕቃ ማምረቻ ነው። መግቢያ ጠዋት 2:00 ነው፤ አሥር የሚሆኑት ግን ከ15 እስከ 40 ደቂቃ ያረፍዳሉ። የመቁረጫ ማሽኑ ባለሙያ ካልገባ ገጣጣሚዎቹ ሥራ ፈትተው ይቀመጣሉ። አሁን ባለው አሠራር ያረፈደ የግማሽ ቀን ይቆረጥበታል፣ በሳምንት ሁለቴ ያረፈደ ከበር ይመለሳል። መዝገቡ የፊርማ ደብተር ነው። ያስኬዳል?

ባለ ማህደር፦ አያስኬድም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 27 ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ማሰናበት የሚፈቅደው፣ ሠራተኛው በጽሑፍ እየተነገረው በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ሲያረፍድ ነው። በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በውሉ ተቀባይነት ያለው ምክንያት ካለው ቀኑ አይቆጠርም።

ብዙ አሠሪ የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው፦ ሰባቱን ዝም ብሎ ያሳልፍና በስምንተኛው ቀን አንድ ደብዳቤ ጽፎ ያሰናብታል። ደብዳቤውም «በተደጋጋሚ ስለሚያረፍዱ» ይላል። ይሄ ምንም አያስረዳም። «ጥቅምት 4 ከጠዋቱ 2:22፣ ጥቅምት 9 ከጠዋቱ 2:35 ገብተዋል» ተብሎ ይጻፍ፤ አንዱ ቅጂ ለሠራተኛው፣ ሌላው ከነፊርማው ወደ ማህደሩ። አልፈርምም ካለ በቦታው የነበሩ ሁለት ሰዎች ይህንኑ ጽፈው ይፈርሙ። ስምንተኛው ከሞላ በኋላ ደግሞ 30 የሥራ ቀን ካለፈ የማሰናበት መብቱ ይቀራል። ስንብቱ ሕገወጥ ከተባለ ላልተወሰነ ጊዜ የተቀጠረውን ወደ ሥራ መመለስ ወይም የ180 ቀን ደመወዝ ካሳ መክፈል ይመጣል።

ፔሮል፦ ቆረጣውን በቁጥር እንየው። ለምሳሌ የ7,800 ብር የወር ደመወዝ ለ26 ቀን ሲካፈል በቀን 300፣ በሰዓት 37.50 ነው። 20 ደቂቃ ያረፈደ ሰው ያልሠራው የ12.50 ብር ሥራ ነው፤ እናንተ የምትወስዱበት 150 ነው። የቀረው 137.50 ስሙ ቅጣት ነው። ደመወዝ የሚከፈለው ለተሠራ ሥራ ስለሆነ ላልሠራው ደቂቃ አለመክፈል ይቻላል። ከዚያ በላይ ግን ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ሳይኖር አይነካም፤ ኖሮም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ ሲሶ አይበልጥም። ከበር መመለሱማ ጭራሽ ይቅር። ልሥራ ብሎ የመጣን ሰው እናንተው መልሳችሁ «ቀሪ» ብላችሁ ብትመዘግቡ ክርክሩን የምትሸነፉት እናንተ ናችሁ።

እንጨት ሥራ፦ እናመሰግናለን። የአሻራ ማሽን ብንገዛስ?

ቴክኒሻን፦ ከደብተሩ ይሻላል፤ በደብተር ጓደኛ ለጓደኛ ይፈርማል። የእናንተ ቤት ግን ችግር አለው፦ ብርጭቆ ወረቀት የሚያሽ ሰው አሻራው ያልቃል፣ ኮላ የነካው ጣትም አይነበብም። ከሁለቱም እጅ ሁለት ሁለት ጣት መዝግቡ፣ አሻራው አልነበብ ላለው ካርድ ስጡት። አንድ ሰው 5 ሴኮንድ ቢፈጅ እንኳ የ42 ሰው ሰልፍ ሦስት ደቂቃ ተኩል ይወስዳል፤ ስለዚህ እስከ 2:05 የገባ አርፍዷል አይባል፤ ይህም በሥራ ደንቡ ይጻፍ። የውስጥ ባትሪው የደከመ ማሽን መብራት ሲጠፋ ሰዓቱ ስለሚዛባ ሰኞ ሰኞ ከስልክ ጋር አስተያዩት። ማሽኑ 8:22 ሲል ደንባችሁ 2:00 እንዳይል ደግሞ ተጠንቀቁ። በደብዳቤው ሁሌም በሀገራችን ሰዓት ቀይራችሁ ጻፉ።

ፎርማን፦ ደብዳቤው እንዳለ ሆኖ፣ አንድ ሰው ሲያረፍድ አርባ ሰው የሚቆም ከሆነ ጥፋቱ የአሠራሩም ነው። መቁረጫው ላይ ሁለተኛ ሰው አሠልጥኑ፤ የጠዋቱን የመጀመሪያ አንድ ሰዓት የሚያሠራ እንጨት ማታውኑ ተቆርጦ ይደር። አሥሩ የሚመጡት ከአንድ አቅጣጫ ከሆነ ጉዳዩ የታክሲ ሰልፍ ነው። መግቢያውን 2:30 አድርጋችሁ መውጫውን በ30 ደቂቃ ብትገፉ 8 ሰዓቱ አይጎድልም።

እንጨት ሥራ፦ ካሁን በፊት በደብተሩ የተመዘገቡት ይቆጠራሉ?

ባለ ማህደር፦ በጽሑፍ ሳትነግሩት ያለፉትን እርሷቸው። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ስጡና ከዚያ ቁጠሩ።