ወደ ማድ ቤት የምጣድ መስመር ራሴ ልዘርጋ?

ጠያቂ፣ ከደብረ ብርሃን (ጠባሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። ማድ ቤታችን ከዋናው ቤት 15 ሜትር ያህል ይርቃል። እናቴ የምትጋግረው ከሳሎን ሶኬት በኤክስቴንሽን በመጣ መብራት ነው። ምጣዱ 3500 ዋት ይላል። ጥቂት እንጀራ እንደወጣ ስፒናው ይግላል፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ብሬከሩም አንዳንዴ ይወርዳል። ክረምት ከገባ ወዲህ ደግሞ ምጣዱን ስትነካው «ነዘረኝ» ትላለች። ወለሉ አፈር ነው። ለምጣዱ ብቻ የሚሆን መስመር ልዘረጋ አስቤያለሁ። ሶኬትና ማብሪያ ማጥፊያ ቀይሬ አውቃለሁ። ምን ዓይነት ሽቦ ልግዛ? ራሴ ብሠራውስ?

ከደብረ ሲና

ብሬከሩን በ32 አምፔር ቀይረው፣ መውረዱን ይተዋል። ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

ከሸዋ ሮቢት፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ

የደብረ ሲናው ወንድሜ፣ ይህን ማንም እንዳያደርገው እለምናለሁ። ብሬከር የተቀመጠው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው። ሽቦው ሳይቀየር ብሬከሩን ማሳደግ ግድግዳ ውስጥ እሳት መቅበር ነው። 3500 ለ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ገደማ ይመጣል። ተራ ስፒናና ሶኬት የሚችለው ቢበዛ ይህንኑ ነው፣ ያውም ደህና ሲሆን። እዚያው መስመር ላይ ፍሪጅ ወይም ምድጃ ካለ ብሬከሩ ቢወርድ አይገርምም።

ጠያቂው፣ ከግለቱ ይልቅ ያስደነገጠኝ መንዘሩ ነው። እማማ ከዛሬ ጀምሮ በዚያ ምጣድ እንዳይጋግሩ። መብራት ወደ ቆርቆሮው እየወጣ ነው ማለት ነው። እርጥብ አፈር ላይ ቆሞ መነዘር ሰው ይገድላል። አዲስ መስመር ብትዘረጋም ይህ በራሱ አይጠፋም። ምጣዱ ተገልብጦ ይታይ፤ ሽቦው የሆነ ቦታ ቆርቆሮውን ነክቶ ይሆናል፣ ወይም ሸክላው እርጥበት ይዟል።

ለመስመሩ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ ግዛ። ፌዝ (መብራት የሚያመጣው)፣ ኒውትራል (መብራቱ የሚመለስበት) እና ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርደው)፣ ሦስቱንም። ከብሬከር ሳጥኑ የራሱ 20 አምፔር ብሬከር ይውጣለት። ማድ ቤት ውስጥ በስፒና ሳይሆን ምጣዱን በሚችል ማብሪያ ማጥፊያ በቀጥታ ይታሰር። የ30 ሚሊ አምፔር ሊኬጅ ብሬከርም (መብራት ወደ ሰው ወይም ወደ መሬት ሲያፈስ ወዲያው የሚቆርጥ) ጨምርበት። በዚህ ላይ ገንዘብ አትቆጥብ።

ከመሐል ሜዳ

ኧርዙን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንዱ ሠራተኛ ኧርዝ ከሌለ ከኒውትራል ጋር ሶኬቱ ላይ ያገናኘዋል። እባክህ እንዳትፈቅድለት! ኒውትራሉ የሆነ ቦታ ከተቋረጠ የምጣዱ አካል በሙሉ 220 ቮልት ይሆናል። ትክክለኛው መሬት ውስጥ የሚመታ ዘንግ ነው። የእኛ አገር መሬት ድንጋያማ ስለሆነ ዘንጉ ቶሎ እምቢ ይላል። አሳጥረህ አትተወው፣ አፈሩ ጥልቅና እርጥብ የሆነበት ሌላ ቦታ ፈልግ።

ጠያቂ

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ምጣዱን ነቅዬዋለሁ፣ እናቴ ለጊዜው በእንጨት ትጋግራለች። ታዲያ እኔ የቱን ልሥራ፣ የቱን ለባለሙያ ልተው?

ከሸዋ ሮቢት፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ

ቁፋሮው ያንተ ነው። ዶማ እንዳያገኘው 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ውረድ። ሽቦውን ራቁቱን አትቅበር፣ ፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ይግባ። ቱቦውን ስትቀጥል ውስጡ ሲባጎ አሳልፍበት፣ በኋላ ሽቦውን በዚያ ትስበዋለህ። መሬት ውስጥ የሽቦ ቅጥያ አይኑር፣ ሙሉውን አንድ ወጥ ግዛ።

ሳጥኑ ውስጥ ማሰሩን፣ ኧርዙንና ሊኬጁን መፈተሹን ለባለሙያ ተው። ዋናው መስመር ይህን ጭነት መቻሉንም እሱ ይይልህ። ቆጣሪውንና ከምሰሶ የሚመጣውን ግን አንተም እሱም አትንኩ፤ የመብራት ኃይል ነው፣ ዋናውን ብሬከር ብታወርድም እዚያ መብራት አለ። ቤት ውስጥ ማንኛውንም ሽቦ ከመንካትህ በፊት ዋናውን አውርድና በቴስተር እይ። ቴስተሩን ደግሞ መጀመሪያ መብራት ባለው ሶኬት ሞክረው፤ የተበላሸ ቴስተርም «መብራት የለም» ይላል። በሽቦ ቀለም አትመን።

ከደብረ ሲና

ተቀብያለሁ ወንድሜ። የእኛንም ሽቦ ውፍረት ለባለሙያ አሳያለሁ።