«ሰው ያደረገኝ ቀበቶ ነው» ያለው ሰውዬ

የዶሮ ማነቂያው፦
ዛሬ ጠዋት ከሜክሲኮ ወደ ፒያሳ ስመጣ ታክሲው የከፈተው ኤፍኤም ላይ አንዱን እንግዳ «የ15 ዓመት ልጅ የነበርከውን ራስህን ብታገኘው ምን ትመክረዋለህ» ሲሉት ምን ቢል ጥሩ ነው? «አባትህ ሲገርፍህ አመስግን፣ እኔን ሰው ያደረገኝ ቀበቶ ነው»። ታክሲው በሙሉ ሳቀ፣ ረዳቱማ ጭራሽ «የኔ ኬብል ነበር» ብሎ ጨመረበት። እኔ አልሳቅኩም። 42 ዓመቴ ነው ግን አሁንም በር ጠንከር ተደርጎ ሲንኳኳ ሆዴ ይላወሳል፣ አባቴ በምን ስሜት እንደመጣ የማውቀው ካንኳኳኩ ነበር። አንዴ ከ60 ልጅ 11ኛ ወጥቼ ተገርፌያለሁ። 11ኛ!! ያንን ልጅ ባገኘው አመስግን አልለውም።

ካዛንቺስ ውልድ፦
አቦ አታካብድ። ማን ያልተገረፈ አለ? እኔ በርበሬ ታጥኛለሁ፣ ይኸው ቤት መርቼ ሁለት ልጅ አሳድጋለሁ። ሰውዬው እውነቱን ነው የተናገረው፣ እኛንም ሰው ያደረገን ቁንጥጫና ኩርኩም ነው።

ሚሚ፦
እኔ ምለው «ሰው አደረገኝ» ስትሉ ከዛ በፊት ምን ነበራችሁ?

ካዛንቺስ ውልድ፦
ባለጌ ነበርን።

ሚሚ፦
በ7 ዓመትህ?

ካዛንቺስ ውልድ፦
አንቺ ካዛንቺስ አላደግሽም። የኛ ሰፈር 7 ዓመት የናንተ 20 ነው።

ሕግ አዋቂ፦
ጨዋታው እንዳለ ሆኖ ሕጉም ያው እንደናንተ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ልጅን ከአካል ቅጣት ነፃ የሚያደርገው ትምህርት ቤትና ማሳደጊያ ተቋም ውስጥ ብሎ ነው፣ ቤትን አልጠራም። የወንጀል ሕጉ 576 ደግሞ ልጅ ያጎሳቆለና የደበደበ ይቀጣል ይልና መጨረሻ ላይ ለአስተዳደግ ተብሎ በአግባቡ የሚወሰድ እርምጃን ያስቀራል። እንግዲህ ኬብል «አግባብ» ነው ወይ በሉ።

ካዛንቺስ ውልድ፦
አየሽ ሚሚ? ሕጉም ከኔ ጋ ነው። የፈረንጅ አስተዳደግ ይቅርብን።

ሕግ አዋቂ፦
ካንተ ጋ አላልኩም፣ በሩን አልዘጋም ነው ያልኩት። ደሞ ኬንያ ፈረንጅ ናት? ያውም ሕገ መንግሥቷ ላይ ነው የከለከለችው፣ በ2010 በነሱ አቆጣጠር።

ካዛንቺስ ውልድ፦
እና የኬንያ ልጆች ሰው ሆኑ?

ሚሚ፦
አሁንም «ሰው ሆኑ»! ይቺን ቃል ማን ነው የሰጠህ በናትህ

አራዳ ነኝ፦
ይሄን ሁሉ የምታወሩት አሳዳጊ የበደላችሁ ስለሆናችሁ ነው።

የዶሮ ማነቂያው፦
ወንድሜ እኛም እኮ እሱን ነው እያልን ያለነው 😂

የሦስት ልጆች እናት፦
ልጆቼ እኔም ልናገር። ባሌ ቀድሞኝ ሞቶ ሦስት ልጅ ብቻዬን አሳድጌያለሁ፣ ልምጭ ነበረችኝ፣ አልዋሽም። ያኔ ልጅ የሰፈር ነበር፣ ከጊዮርጊስ እስከ ራስ መኮንን ድልድይ ያየው ሁሉ ይቆጣው ነበር፣ ቀጥቶትም ይነግረኝ ነበር እኔም እደግመው ነበር። በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ተነስተን አሁን አራተኛ ፎቅ ነኝ፣ ጎረቤቴን እንኳን በስሙ አላውቀውም። ለፋሲካ ትልቋ ልጄ ቡና እያፈላች «እማ ያን ማታ ከደጅ ያሳደርሽኝን ታስታውሻለሽ?» አለችኝ። እውነት እላችኋለሁ አላስታውስም። እሷ ግን የለበሰችውን ሹራብ ቀለም ሳይቀር ነገረችኝ። ምን ልበላት? ቡናው ገነፈለ ብዬ ተነሳሁ።

ሚሚ፦
እትዬ ይቅርታ ብለዋት ቢሆን እኮ ይበቃት ነበር።

ካዛንቺስ ውልድ፦
እናት ልጇን ይቅርታ? እዚህ ደረስን በቃ። እማማ አይስሟት፣ እርስዎ ባይኖሩ የት ትደርስ ነበር።

የሦስት ልጆች እናት፦
አንተ ልጄ፣ አንተን ያጠኑህ ቀን ሹራብህ ምን ዓይነት ነበር?

ካዛንቺስ ውልድ፦
እሱ ሌላ ነገር ነው።

ሚሚ፦
መልስላቸው እንጂ

ካዛንቺስ ውልድ፦
ሹራብ አልነበረም። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ነው፣ ሰማያዊ። ምን ይጠበስ?

አራዳ ነኝ፦
እማማ ኮንዶሚኒየሙ የት ደረሰዎት? እኛን ደግሞ ውሃ በሳምንት ሁለቴ ነው የሚመጣልን፣ ስለሱ ማንም አይከራከር።

ሕግ አዋቂ፦
የዶሮ ማነቂያው፣ ለአባትህ ነግረኸው ታውቃለህ?

የዶሮ ማነቂያው፦
አልነገርኩትም። ስኳር ይዞት በጣም ከስቷል፣ ቁጣውም የለም አሁን ሁሉን ነገር «እንዳልክ» ነው። ባለፈው ሳምንት «ሱሪዬ አልቆም አለኝ፣ ቀበቶ ግዛልኝ» አለኝ። ሱቅ ገብቼ የትኛው ይሻላል ብዬ እያገላበጥኩ ቆዳው ሲሸተኝ ወጣሁ፣ ዞር ዞር ብዬ ተመልሼ ገዛሁ። ሳደርግለት ሁለት ቀዳዳ ጨምሬ መብሳት ነበረብኝ።

ካዛንቺስ ውልድ፦
ስንት ገዛኸው?

የዶሮ ማነቂያው፦
1,500

ካዛንቺስ ውልድ፦
ተበልተሃል። መርካቶ በ900 ታገኝ ነበር ያውም ንጹህ ቆዳ።

ሚሚ፦
ከዚህ ሁሉ ዋጋው ነው የታየህ?

ካዛንቺስ ውልድ፦
ሌላውን ምን ልበለው ታዲያ አንቺስ