ምጣዱ ካርድ እየጨረሰ ነው፤ ምን ይደረግ?

ጠያቂ (ለገጣፎ)፦ በኤሌክትሪክ ምጣድ በየሁለት ቀኑ ስድስት እንጀራ ይጋገራል፤ የቆጣሪው ካርድ ቶሎ ያልቃል። የሚባክነው ምኑ ላይ ነው?

መልስ 1፦ እህቴ፣ ማሞቁ ላይ ነው። 3.5 ኪሎዋት ምጣድ 15 ደቂቃ ሲግል 0.9 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል፣ አንድም እንጀራ ሳይወጣ! በአራት ቀን አንዴ አጠራቅመሽ ጋግሪ። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን አጥፍተሽ በያዘው ሙቀት አውጪ፤ በተረፈው ግለት የደረቀውን እንጀራ ድርቆሽ አድርጊው።

መልስ 2፦ ልክ ነው፤ ግን ትኩሱን ሳይበርድ ሞሰብ ውስጥ እንዳትከቺው፣ ላቡ ያሻግተዋል። አክንባሎው ጠርዙ ላይ ክፍተት ካለው እንፋሎቱ ያመልጣል፣ መብሰያውም ይረዝማል።

መልስ 3፦ ሶኬቱ ይግላል? ምጣዱ 16 አምፔር ያህል ስለሚስብ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድና የሶኬት ማከፋፈያ አይችሉትም። ገመዱ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ይሁን። የላላ ብሎን ካለ ዋናውን ማጥፊያ ዘግቶ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ያጥብቀው።